ሜዲካል ዋርድ ተመደብኩ፤ ቲቢ እንዳይዘኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (አዲስ ተዛዋሪ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የዞን ከተማ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። በቅርቡ ከማዋለጃ ወደ ሜዲካል ዋርድ ተዛወርኩ። የሳንባ ምች ተብሎ የተኛ ታካሚ ነበረን። አንቲባዮቲኩን ጨርሶም ሳሉ አልተወው ሲል አክታው ተመረመረ፤ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ መርፌ ስወጋው፣ አልጋውን ሳነጥፍለት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በተራ ማስክ። ኤን 95 (ፊት ላይ ገጥሞ የምንስበውን አየር የሚያጣራው ማስክ) የሚሰጠው ለቲቢ ክሊኒክ ሠራተኞች ብቻ ነው ተባልኩ። ቤት ትንሽ ልጅ አለችኝ። ምን ይሻለኛል?

የድሮ ነርስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ ተረጋጊ። ባክቴሪያው ሰውነታቸው ውስጥ ከገባ ሰዎች በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። ኤችአይቪ ካለ ግን ስጋቱ በጣም ይጨምራል። እንደተጋለጥሽ ለኃላፊሽ ነግረሽ አስመዝግቢ። ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ተመርመሪ። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አትዘናጊ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሁላችንም የምንሸሸው የቲቢ ክሊኒኩን ነው። እዚያ ያለው ሰው እኮ ታውቋል፣ መድኃኒት ጀምሯል። መድኃኒቱ የሚሠራለት ከሆነ የማስተላለፍ አቅሙ ቶሎ ይወርዳል። የሚያስፈራው እንደ አንቺ ታካሚ ያለው ነው፤ ሌላ በሽታ ተብሎ ዋርድ መሃል ተኝቶ የሚያስለው። ስለዚህ ጥበቃው የሚጀምረው ከትሪያጅ፣ ታካሚ ገና ሲገባ ከሚለይበት ቦታ ነው። ካርድ ሲወጣ «ያስልዎታል? ስንት ጊዜ ሆነው?» ተብሎ ይጠየቅ። የሚያስለው ሰው ተራ ማስክ ይደረግለት፣ ከወረፋው ወጥቶ አየር ያለበት ቦታ ይቀመጥ፣ ቶሎም ይታይ።

ላብራቶሪ፦ ልክ ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ መመርመሪያ ማሽን ያለበት ቦታ ምርመራው ራሱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን (ዋናውን የቲቢ መድኃኒት) የተላመደ መሆኑንም አብሮ ያሳያል። ቀናት የሚፈጀው አክታው እስኪታዘዝና እስኪመጣ ነው! ደግሞ እባካችሁ ታካሚውን «ሽንት ቤት ገብተህ አክታ አምጣ» አትበሉት። ውጭ፣ ከሰው ራቅ ብሎ ይስጥ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ካስለ ቀጥሎ ለሚገባው ሰው አየሩን ትቶለት ነው የሚወጣው።

አዳር ተረኛ፦ እኔ ከመስኮት ጋር ነው የምጣላው። እከፍታለሁ፤ አስታማሚው «ብርድ ይመታዋል» ብሎ ይዘጋል። ታክሲ ውስጥ እንደሚሆነው ማለት ነው። አስተዳደሩም ቢሆን ይህንን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የሊማ፣ ፔሩ ጥናት አለ። በ8 ሆስፒታሎች መስኮትና በር ወለል ብሎ ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ተለዋወጠ። አየራቸው በማሽን የሚቀየረው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ነበሩ። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌዎቹ ዋርዶች ደግሞ ከአዳዲሶቹ በለጡ። ይሄን ሳነብ የእኛን አዲሱን ባለ መስታወት ሕንፃ አሰብኩ፤ ጫፉ ላይ ስንጥቅ የምታህል ነገር ብቻ ናት የምትከፈተው።

ለአስታማሚው ብርድ ልብስ ጨምረሽ ስጪው፤ መስኮቱን ግን አታዘጊ።

ሌላው፣ ሰንደል ለኩሰሽ በታካሚው አልጋና በአንቺ ወንበር መካከል ያዢው። ጭሱ ወደ አንቺ ከመጣ ወንበርሽ ቦታው አይደለም። አየሩ ከጀርባሽ ገብቶ፣ በታካሚው በኩል አልፎ፣ በመስኮት እንዲወጣ ጠረጴዛውን አዙሪው። ነፋሱ በቀን ስለሚቀያየር ጠዋትም ከሰዓትም ሞክሪው።

አዲስ ተዛዋሪ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ኤን 95 ግን ባገኝስ፣ በየቀኑ አዲስ ከየት አመጣለሁ?

የድሮ ነርስ፦ በየቀኑ አዲስ አያስፈልግም። እስካልረጠበ፣ እስካልቆሸሸ፣ ቅርጹና ላስቲኩ እስካልተበላሸ ድረስ የራስሽን ደጋግመሽ ታደርጊዋለሽ። ስምሽን ጽፈሽ በካኪ ፖስታ አስቀምጪው። ፌስታል ውስጥ እርጥበት ይይዛል። ስታደርጊው በሁለት እጅሽ ሸፍነሽ በኃይል ተንፍሺ። አየር ወደ ዓይንሽ ካመለጠ የአፍንጫውን ብረት ተጫኝው። ጺማም ወንድሞቻችን በዚህ አይደሰቱም፤ ጺም ካለ ግን አይገጥምም። ተራው ማስክ የታካሚውን ፍንጣሪ ይይዛል እንጂ ጠርዙ ክፍት ስለሆነ አንቺን አያድንሽም። «ለክሊኒኩ ብቻ» የሚሉሽን ደግሞ ያንን ታካሚ እንደ ማስረጃ ጠቅሰሽ ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው በጽሑፍ አመልክቺ። በቃል ያሉት ይረሳል።

የግል ሆስፒታል ሠራተኛ፦ እኛ ጋ ላላችሁ፦ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በአካባቢው የሚዛመት በሽታ በመደበኛው ከሥራ እንደመጣ አይቆጠርም፤ በሽታውን በመዋጋት ሥራ ላይ ለተሰማራ ግን የተለየ ነው። ስለዚህ ለማስረጃ የሥራ መደባችሁ በደብዳቤ ይኑራችሁ።

ላብራቶሪ፦ አንድ ያልተነሳ ነገር። ኤችአይቪ ያለበት ባልደረባ ምክንያቱን ለሁሉ ሳያወራ ስጋቱ ወደሚቀንስበት ክፍል መዛወር መቻል አለበት። የቲቢ መከላከያ መድኃኒትም ይመለከተዋል፤ ቲቢ እንደሌለበት ከታየ በኋላ።

አዲስ ተዛዋሪ፦ ልጄንስ? ልብሴን ሳልቀይር ልቀፋት?

አዳር ተረኛ፦ ቲቢ በልብስም በዕቃም አይተላለፍም። ጋወንሽን ለሌላው ጀርም ብለሽ እዚያው ተይው። ሳል እስከሌለሽ ድረስ ልጅሽን እቀፊያት።