ልቤ ድንገት ድው ድው ይላል፣ ፍርሃቱ ደግሞ ከምቱ ይብሳል። ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከተወሰኑ ወራት ወዲህ ልቤ እንዲሁ በድንገት በኃይል መምታት ይጀምራል። ሮጬ አይደለም፣ ተናድጄም አይደለም። ቁጭ ብዬ ወይም ልተኛ ጋደም ስል ነው። አንዳንዴ አንድ ምት የዘለለ ይመስለኝና ከዚያ ድው ብሎ ደረቴን ይመታኛል። በዚያች ቅጽበት "በቃ አለቀልኝ" እላለሁ። እጄን ያልበኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ከንፈሬና ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ሐኪም ጋ ሄጄ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሳሁ፣ ለምርመራ ደምም ሰጠሁ። "ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው" ተባልኩ። ግን ቤት ስደርስ "ያዩኝ እኮ ልቤ ደህና በሆነበት ሰዓት ነው" የሚል ሐሳብ መጣብኝ፣ አልወጣም አለ። አሁን ቀኑን ሙሉ ጣቴ አንገቴ ላይ ነው፣ ምቴን እቆጥራለሁ። ብቻዬን መሆን እፈራለሁ። ደረጃ መውጣት ሁሉ ትቻለሁ። በናታችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ እንዴት ተገላገላችሁ? ደግሞስ በእውነት መፍራት ያለብኝ መቼ ነው?

መልስ 1

አይዞሽ እህቴ። ነርስ ነኝ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ እሱ ሳይመለስ ሌላው ምክር ጆሮሽ አይገባም።

ከልብ ምቱ ጋር ራስሽን ከሳትሽ ወይም ልትስቺ ከደረስሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ትንፋሽ እጥረቱ ዕረፍት አድርገሽም ካልተወሽ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ምቱ የሚመጣው እንቅስቃሴ ላይ እያለሽ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት የታወቀ የልብ ሕመም ካለብሽ፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ደግሞ ይህን ለሐኪሙ ሳይጠይቅሽ ንገሪው።

ሌላው የምቱ አመጣጥ ነው። በጭንቀት የሚመጣው ምት አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ይጨምርና ቀስ እያለ ይበርዳል። እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ በአንዴ በርቶ በአንዴ ድርግም የሚል፣ ቁጭ ብለሽ በደቂቃ ከ150 በላይ የሚመታ ከሆነ ግን የልብ ኤሌክትሪክ መስመር ችግር ሊሆን ይችላልና በደንብ መታየት አለበት። አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሆኖ ከ60 እስከ 100 ቢመታ ጤነኛ ነው።

ስለ ኢሲጂው ያሰብሽው ነገር ደግሞ እውነትነት አለው። ኢሲጂ የሚመዘግበው ጥቂት ሰከንዶችን ብቻ ነው። ምቱ ቶሎ ቶሎ የሚመጣብሽ ከሆነ ሆልተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ደረት ላይ ተለጥፎ 24 ወይም 48 ሰዓት ይመዘግባል። ስለሱ ጠይቂ። ደምሽ ሲመረመር የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞንና ፖታሲየም ታይተው እንደሆነም አረጋግጪ። የሦስቱም መዛባት የልብ ምትን ሊያውክ ይችላል፣ ሦስቱም መድኃኒት አላቸው። ምርመራው አንዴ በሥርዓት ካለቀ በኋላ ግን ሌላ ሐኪም፣ ከዚያ ሌላ ሐኪም እያሉ መዞሩ ፍርሃቱን ያሳድገዋል እንጂ አይቀንሰውም።

መልስ 2

እኔ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። እጅግ የረዳኝ ያ "ዘለለ" የምንለው ምት ምን እንደሆነ ማወቄ ነው። ልብሽ አትዘልም፣ ትቀድማለች። ከሰዓቷ ቀድማ ስትመታ ደም ገና በቅጡ አልሞላትምና ምቱ ደካማ ነው፣ አይሰማሽም። ከዚያ ትንሽ ታርፋለች፣ በዕረፍቷ ብዙ ደም ይሞላታል፣ ቀጣዩ ምት በኃይል ይመጣል። ያ ድው የሚለው እሱ ነው። የልብ ሕመም የሌለባቸው ብዙ ሰዎችም አላቸው፣ ልዩነቱ እነሱ ላይሰሙት መቻላቸው ነው።

ጭንቀቱ ግን በራሱ ዙር ነው። አንድ ምት ይሰማሻል፣ ትደነግጫለሽ፣ ድንጋጤው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ አድሬናሊኑ ልብን ያስሮጣል፣ "ይኸው መጣብኝ" ትያለሽ፣ እንደገና ትደነግጫለሽ። ከዚህ ዙር የሚያወጣው ምቱን ማስቆም ሳይሆን መቁጠሩን ማቆም ነው። በአንድ ቀን አይሆንም። እጄ ወደ አንገቴ ሲሄድ "ትንሽ ቆይቼ" እለው ነበር፣ ቀስ በቀስ እያራዘምኩት ሄድኩ። ምት የሚቆጥረውን ስማርት ሰዓትም አወለቅኩ። ሌሊት ጎግል ላይ ምልክት መፈለግን ደግሞ ጨርሶ ተዪው፣ ሁልጊዜ የሚያገኘው የባሰውን ነው። መጀመሪያ አካባቢ ጭንቀቱ ይጨምራል። ያ የሚጠበቅ ነው፣ አትመለሺ።

የከንፈርና የጣት መደንዘዙ ከልብ ሳይሆን ከአተነፋፈስ ሊሆን ይችላል። ስንፈራ ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን፣ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ መደንዘዝና ማዞር ይመጣል። አየር ያነሰሽ ይመስልሻል እንጂ እንዲያውም በዝቶ ነው። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ወደ ሆድሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። ለጥቂት ደቂቃ። ደህና በሆንሽበት ሰዓት ተለማመጂው፣ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ አዲስ ነገር መማር ከባድ ነው። የድንጋጤው ማዕበል ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ይወርዳል፣ እመኚኝ።

መልስ 3

አጭር ነገር ልጨምር። ቡና፣ ኃይል ሰጪ መጠጥ፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ውኃ አለመጠጣት፣ እነዚህን እዪ። አፍንጫ ሲታፈን የሚወሰዱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችና የአስም መንፊያም ምት ይጨምራሉ (የአስሙን በራስሽ እንዳታቆሚ)። በግራ ጎን ስትተኚ ከበረታብሽ አትደንግጪ፣ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚጠጋ ነው፣ ዞር በዪ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ሆልተሩን እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ። የሥራ ባልደረባዬ ለሷ የታዘዘ ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት አላት፣ "ግማሽ ውሰጂ፣ ወዲያው ያረጋጋሻል" አለችኝ። ልሞክረው? ልጅ ሆኜ አስም ነበረብኝ፣ አሁን ትቶኛል። እንቅስቃሴስ ልጀምር?

መልስ 1

አትውሰጂ! ፕሮፕራኖሎል አስም ያለበትን ወይም የነበረበትን ሰው የአየር ቧንቧ ሊያጠብ ይችላል፣ አደገኛ ነው። ልብን ስለሚያዘገይም ያለ ሐኪም የሚነካ ነገር አይደለም። አስሙን ለሐኪምሽም ንገሪው፣ ካርድሽ ላይ ይጻፍ።

እንቅስቃሴውን ሐኪምሽ ሆልተሩን አይቶ ፈቃድ ሲሰጥሽ ጀምሪ። በእግር ጉዞ፣ ከዚያ በደረጃው። ልብሽ ይሮጣል፣ መሮጥም አለበት፣ ስታርፊ መልሶ ሲረጋጋ ራስሽ ታዪዋለሽ። ፍርሃቱ ከቤት እንዳትወጪ ካደረገሽ ደግሞ በሐሳብና በባሕርይ ሕክምና የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጊ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ድንጋጤ በደንብ የሚሠራ ሕክምና ነው። እስከዚያው ምቱ ሲመጣ ሰዓቱን፣ ምን እያደረግሽ እንደነበር፣ እንዴት እንደጀመረና እንደቆመ በአንድ መስመር ጻፊና ወረቀቱን አስቀምጪው። ደጋግመሽ አታንብቢው፣ ለሐኪሙ ነው።