ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ሲያሟሟ ማግኒዥየምን የሚተወው ለምንድን ነው?

የኬሚስትሪ እውቀት ያላችሁ ወገኖች፣ ለተማሪዎቼ ማስታወሻ ሳዘጋጅ የቆምኩበትን ነጥብ እንድታብራሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በውሃ የተበጠበጠ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኮስቲክ ሶዳ) አሉሚኒየምን ሲያገኝ በመጀመሪያ ስሱን የኦክሳይድ ሽፋን ያሟሟል፤ ከዚያም አሉሚኒየሙ ራሱ ሶዲየም አሉሚኔት የተባለ በውሃ የሚሟሟ ጨው እየሆነ ሃይድሮጅን ጋዝና ብዙ ሙቀት ይለቃል (ሳሙና ሠሪዎች የአሉሚኒየም ድስት የማይጠቀሙትም ለዚህ ነው)። ዚንክም ዝግ ብሎ ተመሳሳዩን ያደርጋል።

ታዲያ ከሁለቱም ይልቅ ንቁ የሆነው ማግኒዥየም በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ የማይነካው ለምንድን ነው? የእኔ ግምት፣ የአሉሚኒየምና የዚንክ ሃይድሮክሳይዶች በአሲድም በቤዝም ሲሟሟ የማግኒዥየሙ ግን በቤዝ ስለማይሟሟ ላዩን ሸፍኖ ይከላከለዋል የሚል ነው። ይህ ማብራሪያ በቂ ነው? ብረትም በቀዝቃዛ ኮስቲክ ሶዳ የማይበላው በዚሁ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል?

ከዚህም ሌላ፣ በአሉሚኒየሙና በኮስቲክ ሶዳው ኬሚካላዊ እኩልታ ላይ ለ2 የአሉሚኒየም አቶሞች አንዳንዶች 2፣ ሌሎች ደግሞ 6 የውሃ ሞሌኪውሎች ይጽፋሉ። ልዩነቱ የአሉሚኔቱ አጻጻፍ ብቻ ይመስለኛል፤ ሆኖም ከአሉሚኒየሙ ኤሌክትሮን የሚቀበለው ውሃው ይሁን ሃይድሮክሳይዱ በእኩልታው ላይ እንዴት እንደማሳይ ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።