የልብ ቫልቭ ችግር ላለበት ልጅ ጥርስ ሲነቀል መድኃኒት ይሰጣል?

የባቢ እናት፦
ሰላም ወላጆች። ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ የአኦርታ ቫልቩ (ደም ከልብ የሚወጣበት በር) ሦስት ክንፍ ሊኖረው ሲገባ ያለው ሁለት ነው። ኦፕራሲዮን አልተደረገም፣ በዓመት አንዴ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሳል። አሁን የታችኛው መንጋጋው ተበልቶ ሊነቀል ነው። የጥርስ ሐኪሙ የልብ ነገር ሲሰማ ደንግጦ "ከልብ ሐኪሙ ወረቀት አምጪ" ብሎ መለሰኝ። ቀድሞ የሚወስደው መድኃኒት አለ? እናቴ ደግሞ "ሳሉ የሚመላለሰው በእንጥሉ ነው፣ ይቆረጥ" ብላ ይዛኛለች።

ሲስተር፦
የባቢ እናት፣ የምሠራው የሕፃናት ልብ ክትትል ላይ ነው። ድሮ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ልብ ኢንፌክሽን እንዳይዘው የፀረ-ጀርም መድኃኒት ቫልቩ ችግር ላለበት ለአብዛኛው ይሰጥ ነበር። በፈረንጆቹ 2007 የአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያውን አጠበበው። አሁን በዋናነት የሚሰጠው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ለገባላቸው፣ ልባቸው ከዚህ በፊት ኢንፌክሽን ለያዘው፣ ሳይታከሙ ከንፈራቸው ለሚጠቁር ልጆች ነው። የባቢ ዓይነት ቫልቭ ብቻውን እዚህ ውስጥ አይገባም። ወረቀቱን ግን አምጪለት፣ ልጁን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የተበላው ጥርስ አፉ ውስጥ መቆየቱ ነው። ሲያኝክም ሲቦርሽም ጀርሙ ወደ ደም ይገባል፣ የተበላሸ ቫልቭ ካገኘ እዚያው ይለጠፋል። እንጥሉን በፍጹም እንዳታስነኪ! ግግ የሚያወጡትም ያው ናቸው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔ የምጨምረው ስለ ትኩሳት ነው። የኔም ልጅ ቫልቩ ላይ ችግር አለበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያተኩሰው "ታይፎይድ" ተባልን። ሌሊት ላቡ ፒጃማውን ያርሰዋል፣ ጠዋት ተነስቶ ኳስ ይጫወታል። ክሊኒኩ ሁለት ዓይነት የፀረ-ጀርም ሽሮፕ ሰጠው። በኋላ ኤኮ ሲነሳ ቫልቩ ላይ ምስር የምታህል ነገር ተለጥፋ ስትወዛወዝ በዓይኔ አየሁ። የደም ካልቸር (ደሙ ውስጥ ጀርም ካለ አብቅለው የሚያዩበት ምርመራ) ተወሰደ፣ ምንም አልበቀለም። ለካ ሽሮፑ ጀርሙን ደብቆታል። 6 ሳምንት ተኝቶ መድኃኒት በደም ሥር ወሰደ። አሁን ሲያተኩሰው አሞክሲሲሊን ከፋርማሲ በራሴ አልገዛም። መጀመሪያ ካልቸር።

ሲስተር፦
ትክክል። ካልቸሩም አንዴ አይበቃም፣ ሦስት ጊዜ ከተለያየ ቦታ ነው የሚወሰደው።

የባቢ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አገኘሁ፣ "መድኃኒት አያስፈልገውም" ይላል። ሐሙስ ይነቀላል። እናቴን ይዣት እሄዳለሁ፣ ስለ እንጥሉ ከሐኪሙ አፍ ትስማ። ስለ ከረሜላውም ይንገራት፣ በየቀኑ የምትገዛለት እሷ ናት።