አሠልጣኙ ወይስ 7 ቁጥር? ለጠቅላላ ጉባዔ የሚቀርብ የውሳኔ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ለሚደረገው ጠቅላላ ጉባዔ የስፖርት ኮሚቴው አንድ የጋራ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ መቅረብ አለበት። ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ያለው የማኅበራችን የወጣቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ሽንፈት ላይ ሽንፈት እየደረበ ነው፤ አሠልጣኙና 7 ቁጥር የሚለብሰው ተጫዋቻችን ከተኳረፉም ሰነባብተዋል። ከአባላት የመጡት ደብዳቤዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ገሚሶቹ አሠልጣኙ ይሰናበቱ ይላሉ፣ ሌሎቹ 7 ቁጥር ይውጣ። እስከ ዓርብ ማታ አንድ ጽሑፍ ላይ እንድረስ። ለመነሻ ያህል፦

«ረቂቅ 1፦ አሠልጣኙ በምስጋና ተሰናብተው፣ ረዳታቸው እስከ ውድድሩ መጨረሻ ቡድኑን ይምሩ።»

ይህን ያስቀደምኩት ከደብዳቤዎቹ የሚበዙት ይህንኑ ስለሚሉ ነው።

የቀድሞ ተጫዋች፦
ረቂቁን እደግፋለሁ። ተጫዋች አሠልጣኙን መስማት ካቆመ፣ አሠልጣኙ የቱንም ያህል ዐዋቂ ቢሆን ቡድኑ አይነሣም። በኤንቢኤ፣ በአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የሚጫወተውን የሌከርስን ቡድን ታሪክ አስታውሱ። በኖቬምበር 1981 የቡድኑ ኮከብ ማጂክ ጆንሰን ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ጨዋታው እንዳለቀ ወደ ሌላ ቡድን እንዲልኩት በጋዜጠኞች ፊት ጠየቀ። በማግስቱ አሠልጣኙ ፖል ዌስትሄድ ተባረረ። ዌስትሄድ እኮ በ1980 ዋንጫ ያነሣ ሰው ነው፤ በተባረረበት ሰዓትም ቡድኑ 7 አሸንፎ የተሸነፈው 4 ብቻ ነበር። ደጋፊው ማጂክን በገዛ ሜዳው ጮኸበት። ግን ፓት ራይሊ ተተካ፣ ኳሱ እንደ ድሮው መሮጥ ጀመረ፣ በ1982 ዋንጫው ተመልሶ መጣ። እኛ ደግሞ እንደዚያ እያሸነፍን እንኳ አይደለንም። አሠልጣኛችንን እወዳቸዋለሁ፣ እኔንም ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው፤ ልጆቹ ግን ዛሬ አይሰሟቸውም።

ረዳት አሠልጣኝ፦
እኔን የሚመለከት ነገር ረቂቁ ውስጥ ስለገባ ቀድሜ ልናገር፤ በዚህ መንገድ የሚመጣ ቦታ አልቀበልም። ወንድሜ ያነሣኸው የሌከርስ ታሪክ እውነት ነው፤ ግን ያ ቡድን ሌላ ታላቅ ተጫዋች፣ ካሪም አብዱልጀባርም ነበረው። የሜምፊስን ቡድን ደግሞ እይ። ኖቬምበር 26፣ 2017 ከብሩክሊን ጋር ሲጫወቱ አሠልጣኙ ዴቪድ ፊዝዴል ኮከቡን ማርክ ጋሶልን አራተኛውን ኳርተር (የጨዋታውን የመጨረሻ ሩብ) ሙሉ አስቀመጠው። ተሸነፉ፤ ስምንተኛ ተከታታይ ሽንፈታቸው ነበር። ጋሶል መከፋቱን አልደበቀም፣ አሠልጣኙ በማግስቱ ተባረረ። ከዚያስ? ያንን ዓመት 22 አሸንፈው 60 ተሸንፈው ጨረሱ። ሌላው ዋና ተጫዋች ማይክ ኮንሊ መጎዳቱ ዋና ምክንያት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የጎደለው ሌላ ሆኖ ሳለ አሠልጣኝ ቢቀየር ጉድለቱ አይሞላም። ጋሶልም ቢሆን በፌብሩዋሪ 2019 ወደ ቶሮንቶ ሄዶ በዚያው ዓመት ዋንጫ አነሣ። ሜምፊስ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም አጣ።

የአሌክሳንድሪያ ተወካይ፦
እኔ በግልጽ የምናገረው ልጁ ይውጣ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አሠልጣኙ «ዞን!» (ቦታ ቦታችሁን ይዛችሁ ተከላከሉ) እያሉ ሲጮኹ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን አወናጨፈባቸው። ትንንሾቹ ልጆቻችን ከመስመሩ ዳር ተቀምጠው ይህን ያያሉ። ዩታ ላይ የሆነውን አትርሱ። አሠልጣኙ ጄሪ ስሎን 23 የውድድር ዘመን የዩታን ቡድን መርቶ፣ ከኮከቡ ከዴሮን ዊሊያምስ ጋር ሲነታረክ ከርሞ፣ ፌብሩዋሪ 10፣ 2011 ሥራውን ለቀቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዊሊያምስንም ወደ ኒው ጀርሲ ላኩት። ሽማግሌው ከሄደ በኋላ ልጁን መላክ ምን ይጠቅማል? ቀድሞ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል!

ሰብሳቢ፦
ልጆቼ፣ የሁላችሁንም አነበብኩ። ከኤንቢኤ ምሳሌ ስናመጣ አንድ ነገር እየዘለልን ነው። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ አሠልጣኙ የሚባረረው ጥፋተኛ ስለሆነ ሳይሆን እሱን ማባረር ስለሚቀል ነው። የኮከቡ ውል ዋስትና ያለው ነው፤ ቢያሰናብቱትም ይከፍሉታል፣ ገንዘቡም ከቡድኑ የደመወዝ ጣሪያ (ለተጫዋቾች ክፍያ ከተቀመጠው ገደብ) ላይ ይቆጠርባቸዋል። ወደ ሌላ ቡድን እንላከው ቢሉም ከጣሪያው በላይ የሆነ ቡድን የሚሰጠውና የሚቀበለው ደመወዝ መቀራረብ አለበት። የአሠልጣኝ ደመወዝ ግን ጣሪያው ውስጥ አይገባም። ባለቤቱ ከኪሱ ከፍሎ በአንድ ስልክ ይጨርሰዋል፣ ለደጋፊውም አንድ ነገር አደረግን ይላል።

እዚሁ ሰፈራችን ዋሽንግተን ዊዛርድስ ኮከቡን ብራድሊ ቢልን ወደ ፊኒክስ ሲልከው አስታውሱ። ውሉ ላይ ያለፈቃዱ እንዳይሄድ የሚል አንቀጽ ነበረበትና እሱ ካልተስማማ አንዳች ማድረግ አይችሉም ነበር። እሱ በጁን 2023 ሄደ። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ አሠልጣኙ ዌስ አንሰልድ ትንሹ 7 አሸንፎ 36 ተሸንፎ ሳለ ከወንበሩ ተነሣ። ያ ዓመት በ15 ድልና በ67 ሽንፈት አለቀ፤ የሚቀጥለው በ18 እና በ64። ቲኬት ገዝታችሁ የገባችሁ ታውቁታላችሁ። እነሱ ቡድኑን ከሥሩ ለማፍረስ ዐቅደው ስለገቡበት ሽንፈቱ ሒሳባቸው ውስጥ ነበር፤ ተሸናፊ በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) ጥሩ ዕጣ አለው። ለእኛ ድራፍት የለንም። ያሉን ልጆች እነዚሁ የወለድናቸው ናቸው።

እኛ ዘንድ አሠልጣኙ ሳንቲም አይከፈላቸውም፣ ልጁም የፈረመው ውል የለም። ሁለቱንም ማሰናበት እኩል ይቀላል። ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደተበላሸ ይነገረኝ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ቢናገር ደስ ይለኛል።

ተጫዋች አባል፦
ጋሼ እሺ፣ ሜዳ ላይ ያለውን ልናገር። አሠልጣኙ በዚህ ዓመት ያመጡት አጨዋወት ጥሩ ነው። ኳሱ መጀመሪያ ከቅርጫቱ አጠገብ ላለው ረጅሙ ልጃችን ይገባል፣ 7 ቁጥር ኳሱን ለቆ በተቃራኒው በኩል ይሮጣል፣ ረጅሙ ዞሮ ያቀብለዋል። ያለ ኳስ መሮጥን ይጠይቃል፤ ማን መቼ ወደ ቅርጫቱ ሰብሮ እንደሚሮጥ ካልተለማመዳችሁት ግን አይሆንም። 7 ቁጥር ደግሞ ልምምድ ላይ የለም። ቅዳሜ አራተኛው ኳርተር ላይ ረጅሙ ሦስት ጊዜ እጁን አነሣ፣ ሦስቱንም ጊዜ ኳሱ አልገባለትም። 7 ቁጥር ንቆት አይደለም፤ እዚያ እንደሚቆም አያውቅም። የሚያውቀው ያለፈውን ዓመት አጨዋወት ነው። ኳሱን ይዞ ይመጣል፣ እኛ አራታችን አዲሱን እየተጫወትን ጥግ ጥጉን እንቆማለን፣ እሱ ብቻውን በሁለት ሰው መሀል ይገባል። ከውጭ ሲታይ ራስ ወዳድ ይመስላል። አሠልጣኙም ይናደዳሉ፣ ያስቀምጡታል። እሱ ሲቀመጥ ነጥብ የሚያስቆጥር የለንም። ደግሞ ያስገቡታል። በየሳምንቱ እንዲሁ ነው።

የቀድሞ ተጫዋች፦
ታዲያ ልምምድ ለምን አይመጣም? ዋናው ጥያቄ እሱ አይደለም?

የወላጆች ተወካይ፦
እኔ ልመልስ፤ እናቱን ፈቃድ ጠይቄ ነው የምጽፈው። አምና ልምምዱ እሑድ ከሰዓት ነበር። የጂሙ ኪራይ ሲወደድ ረቡዕ ማታ ይረክሳል ተብሎ ተዛወረ። ያዛወርነው እኛው ነን፣ ይሄው ኮሚቴ። ልጁ ረቡዕ ማታ ኤርፖርት ሥራ ላይ ነው። ሺፍቱን እንዲቀይሩለት ሁለት ጊዜ ጠይቆ አልሆነለትም። አባቱ ከታመሙ ወዲህ የቤት ኪራዩ ግማሽ በእሱ ላይ ነው። ይህን ለአሠልጣኙ አልነገራቸውም፣ ዐፍሮ። አሠልጣኙም ልምምድ የቀረው ንቋቸው መስሏቸው ነው። ከክረምቱ ወዲህ አልተነጋገሩም ማለት ይቻላል። በእኛ ዘንድ ልጅ የቤቱን ችግር አደባባይ አያወጣም፣ ትልቅ ሰውም ወርዶ «ምን ሆነህ ነው?» ማለቱን ሽንፈት ያደርገዋል። እባካችሁ ይህ ጉባዔ ላይ በዝርዝር እንዳይነበብ።

የአሌክሳንድሪያ ተወካይ፦
ይህን አላወቅሁም ነበር፣ እህቴ። አባቱን እግዚአብሔር ይማርልን። የቅዳሜው ነገር ግን ያው ነው፤ እጁን ያወናጨፈው ሥራ ስላለበት አይደለም።

የቀድሞ ተጫዋች፦
እኔ ረቂቅ 1ን መደገፌን ትቻለሁ። የፊላደልፊያው ኮከብ አለን አይቨርሰን በ2002 የሰጠው መግለጫ ትዝ አለኝ፤ «ልምምድ» የሚለውን ቃል እየደጋገመ ዓለምን ያሳቀው። በዚያው መግለጫ ላይ የቅርብ ጓደኛው እንደሞተበት ሲናገር የሰማው ግን ጥቂት ነው። አሠልጣኙ ላሪ ብራውንና አይቨርሰን አብረው በቆዩበት ዘመን ሁሉ በልምምድ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ይሁንና በ2001 አንዱ የዓመቱ አሠልጣኝ፣ ሌላው የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብለው ፊላደልፊያን ለፍጻሜ አድርሰዋል። አንዳቸው ቢወጡ ኖሮ ያ ዓመት አይኖርም ነበር። የሚዋደዱ ባይሆኑም ሥራው አንድ ላይ አዋላቸው። እኛም ቢያንስ ልምምዱን አንድ ላይ እናድርግላቸው።

ጸሐፊ፦
በዚሁ መሠረት፦

«ረቂቅ 2፦ 1ኛ፣ አሠልጣኙም 7 ቁጥርም በቦታቸው ይቆዩ። 2ኛ፣ ልምምዱ ወደ እሑድ ከሰዓት ይመለስ። 3ኛ፣ 7 ቁጥር አሠልጣኙን በቡድኑና በወላጆች ፊት ይቅርታ ይጠይቅ።»

ረዳት አሠልጣኝ፦
3ኛው ላይ «በወላጆች ፊት» የሚለው ይውጣ። የሃያ ዓመት ልጅ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ካቆምነው እሺ ብሎ ይቆማል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን አይመጣም። ነገሩ የተፈጸመው ቡድኑ ፊት ነው፤ ይቅርታውም ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ ቡድኑ ፊት ይሁን።

የአሌክሳንድሪያ ተወካይ፦
ቡድኑ ፊት ከሆነ እስማማለሁ። ግን ይቅርታው በቃል ይሁን፣ በትከሻ ሰላምታ ታልፎ እንዳይቀር።

ሰብሳቢ፦
ጥሩ። ከዚያ በፊት ግን እኔና አንድ ሌላ ሽማግሌ ሁለቱን ለየብቻ እናናግራቸው። አሠልጣኙም የሚሉት ይኖራቸዋል፤ ስለ ሥራው ሳይሰሙ በሰው ፊት አስቀምጠውታልና ለልጁ አንድ ቃል ቢሰጡት ክብራቸው አይቀንስም። ይህን ግን በውሳኔው ውስጥ አትጻፉት፤ የሽምግልና ነገር በወረቀት አይታዘዝም።

ተጫዋች አባል፦
አንድ ልጨምር? እሑድ ተለማምደን አዲሱ አጨዋወት እስኪገባን ጊዜ ይሰጠን። ቀጣዩን ጨዋታ ብንሸነፍ ደግሞ ደብዳቤ እንዳይመጣ።

ገንዘብ ያዥ፦
እስካሁን ዝም ያልኩት ሒሳቡን እያየሁ ስለነበር ነው። እሑድ ከሰዓት ከረቡዕ ማታ ይወደዳል፣ ረቡዕን የመረጥንበትም ምክንያት ይኸው ነበር። ለዓመት በዓሉ ዝግጅት ከተያዘው ገንዘብ ለድምፅ መሣሪያ ኪራይ የተመደበውን ወደዚህ ማዞር እንችላለን፤ መሣሪያ ያለው አባል በነፃ አቀርባለሁ ብሏል። እስከ ውድድሩ መጨረሻ ያደርሰናል። ከዚያ በኋላ ላለው ግን ከየቤቱ ትንሽ መዋጮ ያስፈልጋል፤ ይህ በግልጽ ይጻፍ፣ ኋላ ቅሬታ እንዳይመጣ።

የወላጆች ተወካይ፦
መዋጮውን እኔ አስተባብራለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ወደፊት የልምምድ ቀን ሲቀየር ተጫዋቾቹ ይጠየቁ። ልጆቹ ውሳኔውን የሰሙት በቴክስት ነው።

ጸሐፊ፦
ሁሉንም አስገብቼዋለሁ፦

«ረቂቅ 3፦ የስፖርት ኮሚቴው ለጠቅላላ ጉባዔው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ፤
1ኛ፣ እስከ ውድድሩ መጨረሻ አሠልጣኙም 7 ቁጥርም በቦታቸው ይቆያሉ፤ በዚህ መሀል የስንብት ጥያቄ ለኮሚቴው አይቀርብም።
2ኛ፣ ልምምዱ ወደ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። ወጪው ከዓመት በዓሉ የድምፅ መሣሪያ በጀት ይሸፈናል፤ ከውድድሩ በኋላ ላለው ጊዜ የወላጆች መዋጮ ይሰበሰባል።
3ኛ፣ ቅዳሜ ለተፈጸመው ድርጊት 7 ቁጥር አሠልጣኙን በቡድኑ ፊት በቃል ይቅርታ ይጠይቃል።
4ኛ፣ ከእንግዲህ የልምምድ ቀንና ሰዓት የሚለወጠው ተጫዋቾቹ ከተጠየቁ በኋላ ነው።»

የምትቃወሙ እስከ ነገ ማታ ጻፉልኝ።

የአሌክሳንድሪያ ተወካይ፦
አልቃወምም። ከውድድሩ በኋላ ግን እንደገና እንድናየው ቃለ ጉባዔ ላይ ይያዝልኝ።

ሰብሳቢ፦
ይያዝ። አሠልጣኙ ዛሬ ማታ ቤቴ ቡና ሊጠጡ ይመጣሉ። ልጁ ጋ ደግሞ ነገ ከሥራ ሲወጣ እኔው እሄዳለሁ፣ መኪና ስለሌለው።

ገንዘብ ያዥ፦
ጂሙ ጋ ደውዬ ነበር። እሑድ ከ2 እስከ 4 ፒ ኤም ክፍት ቦታ አለ፤ ጉባዔው ካጸደቀ ሰኞ ጠዋት ቅድሚያ ክፍያውን እከፍላለሁ።