ክፍት ዳታና የተሻለ ስታቲስቲክስ፦ በጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ለለጋሾች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ረቂቅ ደርሷችኋል። በጀቱ በአብዛኛው የተያዘው የልማት ዳታ በአንድ ቦታ የሚገኝበት አዲስ ድረ ገጽ ለመሥራት ነው። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ያልተዋጠላችሁን አሁን ተናገሩ።

የናሙና ጥናት ባለሙያ፦ እኔ አልተዋጠልኝም። ድረ ገጽ አልጎደለንም። የዓለም ባንክ የልማት አመልካቾቹን ያለ ክፍያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የጎደለው በገጾቹ ላይ የሚወጣው ቁጥር ነው። ሠንጠረዦቹን ከፍታችሁ እዩ፤ ለብዙ አገሮች ባዶ ሳጥን፣ አለዚያም በቆየ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የተገመተ ቁጥር ታገኛላችሁ። ጋና በ2010 የአገር ውስጥ ምርት ስሌቷን መነሻ ዓመት፣ ማለትም ዋጋና የዘርፎች ድርሻ የሚሰላበትን ዓመት፣ ከ1993 ወደ 2006 ስታሻግር ኢኮኖሚዋ በወረቀት ላይ በ60 በመቶ ገደማ አደገ። ናይጄሪያ በ2014 ስሌቷን ስትከልስ ጭማሪው 89 በመቶ ደረሰና ደቡብ አፍሪካን በአንድ ቀን ቀደመች፤ ስልክንና ፊልምን የመሰሉ ዘርፎች በአሮጌው ስሌት በቅጡ አልተቆጠሩም ነበር። አሮጌውን ቁጥር ደግሞ ማንም እንደ ልቡ ያገኘው ነበር።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦ አባባልዎ ገብቶኛል፤ ሆኖም ክፍትነቱን አናቃልለው። ዛሬም ሠንጠረዡን በፒዲኤፍ አውጥቶ «ክፍት አድርገናል» የሚል መሥሪያ ቤት ሞልቷል። ሦስት ግዴታዎች ይግቡልኝ፦ ኮምፒውተር የሚያነበው ፋይል፣ ማንም ለፈለገው ሥራ እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ ግልጽ ፈቃድ፣ ቁጥሩ ከማንና እንዴት እንደተሰበሰበ የሚያስረዳ ማብራሪያ። ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ ብዙም አይረዱም።

የጤና መረጃ ባለሙያ፦ «ሁሉም ዳታ ለሁሉም ይከፈት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይውጣልኝ። ከቤተሰብ ጥናት ላይ ስም ቢሰረዝም መንደሩ፣ የልጆቹ ብዛትና ዕድሜያቸው ሲገጣጠም መልስ ሰጪው ይታወቃል። በብዙ አገሮች ቤተሰቦችን ቤት ለቤት የሚጠይቀው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለዚህ ጥሩ መላ አበጅቷል፤ የናሙና ቦታዎችን መገኛ ሆን ብሎ ያዛንፋል፤ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5፣ ከገጠሮቹም 1 በመቶውን እስከ 10 ኪሎ ሜትር። ተመራማሪው ካርታውን ይሠራል፣ የመለሰችው ሴት ግን አትጋለጥም። እኛም የድምር ሠንጠረዥ ለሁሉም ክፍት፣ የግለሰብ መልስ ግን ተመዝግቦ ዓላማውን ላስረዳ ብቻ ብለን እንለይ።

የናሙና ጥናት ባለሙያ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ያነሱት ጥናት ግን የእኔንም ክርክር ያጠናክራል። ከ1984 ወዲህ ከ90 በሚበልጡ አገሮች ከ400 በላይ ጥናቶችን ያካሄደ ፕሮግራም ነው። ዋናው ገንዘቡ የሚመጣው ከአንድ መንግሥት፣ ከአሜሪካ ነበር። ያ በ2025 መጀመሪያ ሲቋረጥ የተጀመሩ ጥናቶች መንገድ ላይ ቀሩ። የሕፃናት ሞት አኃዛቸውን በዋናነት ከዚያ የሚያገኙ አገሮች ብዙ ናቸው! ስለዚህ ከምንጠይቀው ገንዘብ ሁለት ሦስተኛው ለብሔራዊ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ይሁን፤ ለመረጃ ሰብሳቢዎች ክፍያና ሥልጠና፣ እንዲሁም የናሙና ዝርዝሮችን፣ ማለትም ተጠያቂዎቹ የሚመረጡባቸውን መዝገቦች፣ ለማደስ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን ለጋሾችን አውቃቸዋለሁ። ድረ ገጽ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሳበታል። የታደሰ የናሙና ዝርዝር ማን ያስመርቃል? ለመሥሪያ ቤቶቹ ከገንዘቡ ግማሹን ብንጠይቅ ይበቃል እላለሁ።

የሕግ አማካሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘብ ቢገኝም ውጤቱ ባለሥልጣን ካልወደደው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ1994 ያጸደቃቸው፣ ጠቅላላ ጉባኤውም በ2014 የተቀበላቸው መሠረታዊ መርሆዎች ስታቲስቲክስ ያለ አድልዎ ለሕዝብ እንዲደርስ ይጠይቃሉ። ድጋፉን የሚያገኝ መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ውጤት ማውጫ ቀን አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ቀኑ ካለፈ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስታውቅ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ አዲስ ድረ ገጽ የሚለው ተሰርዟል፤ በምትኩ መሥሪያ ቤቶቹ ያሏቸውን ገጾች ለማሻሻል አነስተኛ ገንዘብ ይያዛል። የግለሰብ መረጃ ጥበቃን የጤና መረጃ ባለሙያዋ፣ ሦስቱን ግዴታዎች የሶፍትዌር ባለሙያው፣ የማውጫ ቀኑን የሕግ አማካሪው ይጻፉልን። ግማሽ ወይስ ሁለት ሦስተኛ የሚለው ብቻ ለድምፅ ይቀርባል። ሒሳብ ያዣችን፣ ሁለቱንም በጀት ከስብሰባው በፊት ሠርተው ይላኩልን።