አሮጌ ጥቁር ተወዛዋዥ ወንበር፦ ዕድሜውን እንዴት ልወቅ? ቀለሙንስ ልፋቀው?

እፎይታ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አሮጌ ተወዛዋዥ ወንበር እጄ ገብቷል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው። የራስ መደገፊያው ሰሌዳ ላይ የደበዘዘ ወርቃማ የፍራፍሬና የቅጠል ሥዕል አለበት። የጀርባው ዘንጎች ቀጫጭን ናቸው፤ መቀመጫው ከኋላ ሽቅብ ይነሣና ከፊት ቁልቁል ይጠቀለላል። የክንዶቹ ጫፍ ላይ ቀለሙ አልቆ እንጨቱ ይታያል።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ወንበሩ ከመጀመሪያው ተወዛዋዥ ተደርጎ የተሠራ ነው ወይስ ተራ ወንበር ላይ ቅስት (ከእግሮቹ ሥር ሆኖ የሚያወዛውዘው ጎባጣ እንጨት) ተገጥሞበት? ስወዛወዝበትስ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ እየዞረ ቦታውን የሚለቀው ለምንድን ነው? የግራው ቅስት ከኋላ ጫፉ አጠገብ ተሰንጥቋል። በመጨረሻም፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቫርኒሽ ልቀባው አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቅርስ ወዳድ
ከመጨረሻው ልጀምር፤ እባክዎ ብርጭቆ ወረቀቱን ያስቀምጡት። የገለጹት ሁሉ ቦስተን ሮከር ከሚባለው ዓይነት ጋር ይገጥማል። በአሜሪካ ከ1820ዎቹ ወዲህ (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እየተስፋፋ የሄደና በየቤቱ የገባ ወንበር ነው። መቀመጫው ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከኋላ የሚነሣውና ከፊት የሚጠቀለለው ክፍል ለብቻቸው ተሠርተው የተጣበቁ ናቸው። ከሥር በጣትዎ ቢዳስሱት መጋጠሚያውን ያገኙታል።

ሥዕሉ ደግሞ በብሩሽ የተሣለ አይደለም። ቫርኒሹ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና ጣት ሲይዝ፣ ቅርጹ ተቆርጦ የወጣለት ወረቀት ይደረግበትና የነሐስ ዱቄት ይታሽበታል። ዱቄቱን ከላይ የሚጠብቀው አንድ ስስ ሽፋን ብቻ ስለሆነ አልኮል የነካው ጨርቅ ይበቃዋል፤ ጠርጎ ይወስደዋል። ይህ ከሄደ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

የመቀመጫውን የኋላ ጠርዝም አተኩረው ይዩት። ኮነቲከት ውስጥ የነበረው የላምበርት ሂችኮክ ፋብሪካ ስሙን እዚያ ላይ ያትም ነበር። ስሙን ቢያገኙት ግን አይቸኩሉ። ድርጅቱ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1946 እንደገና ተቋቁሞ በዚያው ስምና ስልት እስከ 2006 ድረስ ሠርቷል። ስለዚህ ስሙ ብቻውን ዕድሜ አይናገርም።

የመጋዝ ሰው
እኔ ስለ እግሩ ልናገር። ወንበሩን ብርድ ልብስ ላይ ገልብጡትና እግሮቹ ቅስቱን የሚገናኙበትን ቦታ ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ተወዛዋዥ ወንበሮች ብዙዎቹ ተራ ወንበሮች ነበሩ፤ ኋላ ላይ እግራቸው ተቆርጦ ቅስት ተጨመረላቸው። እንዲህ ያለው ወንበር ራሱን ያጋልጣል። እግሩ ስለተቆረጠ እግሮቹን የሚያያይዙት አግዳሚ ዘንጎች ከመጠን በላይ ወደ መሬት ይቀርባሉ፤ የእግሩ ጫፍም ለቅስቱ ታስቦ ያልተሠራ ስለሆነ ቅስቱ የሚገባበት ስንጥቅ ጎንና ጎን የሚተርፈው እንጨት በጣም ስስ ይሆናል። ታስቦበት የተሠራው ግን ለመጋጠሚያው የሚበቃ ሥጋ አለው። በአብዛኛው የጥንቶቹ ቅስቶች አጫጭር ናቸው፤ ከፊትም ከኋላም እኩል ነው የሚወጡት። ወንበሩ ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ የኋላው እየረዘመ የመጣው ቆይቶ ነው።

የእግሩን ውፍረት በሁለት አቅጣጫ ለኩ። በቶርኖ ሲወጣ ፍጹም ክብ የነበረ እንጨት ባለፉት ዘመናት በአንድ በኩል ይበልጥ ስለሚሟሽሽ ሞላላ ይሆናል። ሁለቱ ልኬቶች ከተለያዩ እንጨቱ ቆይቷል ማለት ነው። አዲስን ወንበር አሮጌ ለማስመሰል የሚሞክር ሰው ቀለሙን ያረጀዋል፤ የእግሩን ክብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስታውሰውም።

መዞሩን በተመለከተ ከግራው ቅስት የፊት ጫፍ እስከ ቀኙ የኋላ ጫፍ፣ ከዚያም በተቃራኒው ለኩ። ሁለቱ ካልተካከሉ ወንበሩ ተጣሟል። ሁለቱ ቅስቶች ወደ ኋላ ጠበብ ቢሉ ችግር የለውም፤ ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው።

አዲስ ቀለም
ወንድሞቼ፣ እኔ ትንሽ ልለይ። ወንበር የሚሠራው ሊቀመጡበት ነው፤ ባለቤቱ ደስ የማይለው ከሆነ ቢያድሰው ምን ክፋት አለው? ብዙ ጊዜ የምናየው ቀለም የመጀመሪያው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ የተደረበ ነው። እንዲህ ያለው ሲነሣ ከሥሩ ያለው እንጨት ውበት ያስገርማል።

ቅርስ ወዳድ
የተደረበ ቀለም ከሆነ አልከራከርዎትም። እዚህ ላይ ግን የመጀመሪያው ሥዕል በዓይን ይታያል። ደግሞም የጤና ጉዳይ አለ። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ይይዛል፤ አሜሪካ ከቤትና ከቤት ዕቃ ቀለም ውስጥ እንዳይገባ የከለከለችው በ1978 ነው። በደረቁ ሲፋቅ ብናኙ በአየር ይሄዳል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። እፎይታ፣ ለስላሳ ጨርቅ በትንሹ አርጥበው አቧራውን ብቻ ያንሡ፤ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ይሞክሩት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከመጣ ያቁሙ። ካልመጣ፣ ሥዕሉን ሳይነኩ ስስ ሰም ይበቃዋል። ክንዱ ላይ ያለቀውን ቀለም አይሸፍኑት፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ካለቀ እውነተኛ ነው፤ እጅ በማይደርስበትም እኩል ካለቀ ግን ይጠርጥሩ።

ሰሌዳ
ማንም ስላላነሣው ስለ ታሪኩ ትንሽ ልጨምር። ተወዛዋዥ ወንበርን ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፈለሰፈው ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ ለዚህ ማስረጃ የለም። ቅስቱ ራሱ በሕፃናት አልጋ ላይ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው፤ ወደ ወንበር የተሻገረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው የሼከሮችን ነው። እነዚህ በኒውዮርክ ግዛት ማውንት ሌባኖን ይኖሩ የነበሩ መንፈሳውያን ወንበሮቻቸውን ከ0 እስከ 7 በቁጥር ለይተው በልካቸው ይሸጡ ነበር፤ 0 የሕፃን፣ 7 የትልቅ ሰው። ጌጥ የለባቸውም፤ መቀመጫቸው ከባለ ቀለም ጥብጣብ የተሸመነ ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ሚካኤል ቶኔት ቢች የተባለውን እንጨት በእንፋሎት አለስልሶ እያጠፈ በ1860 የመጀመሪያውን ተወዛዋዥ ወንበሩን አወጣ። ከጎን ሲያዩት ክንዱና ቅስቱ አንድ የማያልቅ መስመር ይመስላሉ። በ1865 አብርሃም ሊንከን በጥይት ሲመታ የተቀመጠበትም ተወዛዋዥ ወንበር ነበር፤ ዛሬ በሚሺጋን ዲርቦርን በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ይታያል።

ስለ ምቾቱ ከጠየቃችሁኝ ሐኪሟ ጃኔት ትራቬል ለጆን ኤፍ. ኬኔዲ የጀርባ ሕመም የመከረችው ይህንኑ ነው። ሰው ሲወዛወዝ ጡንቻዎቹ በየተራ ይጠብቃሉ፣ ይላላሉ፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን አንዱ ጡንቻ ብቻ ሸክሙን ይዞ ይደርቃል። ለዚህ ነው በሚወዛወዝ ወንበር ላይ ሰዓቱ የማይታወቀው።

እፎይታ
በጣም አመሰግናለሁ፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ተመልሷል። ለክቼዋለሁ። ማዕዘን ለማዕዘን ያለው ልዩነት ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ነው። እግሮቹ ሞላላ ናቸው፤ ቅስቱ የገባበትም እንጨት ወፍራም ነው። ከመቀመጫው ሥር የመጋዝ ምልክት ይታየኛል፤ የቀስት ቅርጽ ያላቸው ጎን ለጎን የተደረደሩ መስመሮች። የኋለኛው ግራ አግዳሚ ዘንግ በእጄ ሳሽከረክረው ይዞራል። ስንጥቁንስ በብሎን ልጠረንፈው?

የመጋዝ ሰው
ቀስታማዎቹ መስመሮች የክብ መጋዝ ናቸው፤ ከ1830 ገደማ ወዲህ የተስፋፋ ነው። ስለዚህ ወንበሩ ከዚያ በፊት የተሠራ መሆኑ ያጠራጥራል። ሞላላው እግርና ወፍራሙ መጋጠሚያ ግን ከመጀመሪያው ተወዛዋዥ ሆኖ የተሠራ አሮጌ ዕቃ ነው ያሰኘኛል።

ብሎን በፍጹም አያስገቡ። ብሎኑ እንጨቱን እንደ ልቡ እንዳይሰፋና እንዳይጠብብ ይይዘዋል፤ ስንጥቁም ከዚያው ከብሎኑ ይቀጥላል። ችግሩን ከምንጩ ያዙት፤ የሚሽከረከረው ዘንግ ነው ወንበሩን ያጣመመው፤ ጠማማው ወንበር ደግሞ ሸክሙን በግራው ቅስት ላይ ጥሎታል። ድሮ የተጣበቀው ከእንስሳ ቆዳ በተሠራ ኮላ ነው፤ በሙቅ ውኃና በትዕግሥት ይለቃል። አሮጌውን ኮላ ከጉድጓዱ አጽድተው በዚያው ዓይነት ኮላ ይመልሱት፤ ኮላው ሳይደርቅ በገመድ ጠምዘው ሁለቱን ማዕዘኖች ያስተካክሉ፤ ሌሊቱን ይተዉት። ውኃው ቀለሙን እንዳይነካ መጋጠሚያው ዙሪያውን በጨርቅ ይከልሉ።

ስንጥቁን ቀስ ብለው ከፈት እያደረጉ ኮላውን በስስ ቢላዋ ጫፍ ወደ ውስጥ ይግፉት፤ ከዚያ ሁለት ጣውላ መካከል አድርገው በሞርሳ ይያዙት። አንድ ነገር ብቻ ይመርምሩ። የእንጨቱ ጭረት (የተፈጥሮ መስመሩ) የቅስቱን ጉብጠት ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ጥገናው ይይዛል። ጭረቱ ጉብጠቱን አቋርጦ ከጠርዝ የሚወጣ ከሆነ ግን ቅስቱ ከቀጥ ያለ ጣውላ የተቆረጠ ነው፤ ያ ቦታ ዳግመኛ መሰበሩ አይቀርም። እንዲያ ከሆነ አሮጌውን ሳይጥሉ አስቀምጠው፣ በልኩ ሌላ ያሠሩለት።