ሊሾ ላይ ቪኒል ብቻ ማንጠፍ ይበቃል?

ባዶእግር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ዘመናዊ ዳንስ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። አሁን ምድር ቤት ያለችውን አንዲት ክፍል አጽድቼ ለራሴ መለማመጃ እያዘጋጀኋት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ስድስት ልጆች አስተምርባታለሁ። 4 ሜትር በ5 ሜትር ናት። ወለሏ ሊሾ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁትን ጅልነት ልንገራችሁ። እርስ በርስ የሚጠላለፉትን የስፖንጅ ምንጣፎች ገዝቼ ክፍሏን ሞላኋት። ለእግር ደስ ይላል፣ ለስላሳ ነው። በሁለተኛው ቀን ልዞር ስል ጣቶቼ ስፖንጁ ውስጥ ሰመጡ። እግሬ እዚያው ቀረ፣ ጉልበቴ ግን ዞረ። ሦስት ሳምንት አነከስኩ። ከዚያ ምንጣፉን አንስቼ ሊሾው ላይ ቀጠልኩ። አሁን ደግሞ ቅልጥሜን ከፊት በኩል ያመኛል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ይብሳል።

አንድ ሻጭ «የዳንስ ቪኒል አንጥፊበት፣ በቃ» አለኝ። እውነት በቃ? አጸዳዱንም የምታውቁ ንገሩኝ።

ቀለል_አርገው፦
ምን አስጨነቀሽ፣ እንጨት መሳዩን ላሚኔት አስገጥሚ። እኛ ሳሎን አለ፣ ያምራል።

አናጢው፦
ላሚኔት ለሳሎን ጥሩ ነው። ለዳንስ ግን ካልሲ ካደረግሽ ያንሸራትታል፣ ባዶ እግርሽ ላብ ካለው ይይዝሻል። ከሥሩ ያለችው ስስ ስፖንጅም የእግር ኮቴ ድምፅ ለመቀነስ እንጂ ዝላይ ለመቀበል አልተሠራችም።

ራሴን ላስተዋውቅ። አናጢ ነኝ። ዳንስ አልችልም፣ ልጄ ግን ባሌት ትሠራ ነበር፣ በእሷ ሰበብ ገባሁበት። እስካሁን ዘጠኝ የዳንስ ወለል ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን አፍርሼ ደግሜዋለሁ፣ እሱን ልንገርሽ።

ሞራሌ ደረደርኩ፣ ላዩ ላይ ኮምፔንሳቶ መታሁ፣ አለቀ ብዬ ሄድኩ። ከወር በኋላ ተጠራሁ። ሞራሌው ያለበት ቦታ ድንጋይ ነው፣ በሞራሌና በሞራሌ መካከል ግን ይረግባል። ልጆቹ ሞራሌው የት የት እንዳለ በተረከዛቸው ያውቁት ነበር። ዘለው ሲወርዱ እየመረጡ ነው የሚያርፉት። የዳንስ ወለል አንዱ ጥግ ከሌላው ከተለያየ ቁርጭምጭሚት ይበላል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሻጩ የነገረሽ ግማሹ እውነት ነው። ቪኒል የሚወስነው መያዝና መንሸራተቱን ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሊሾ ላይ አንጥፈሽ ስትዘዪ ቅልጥምሽ የሚያገኘው ያንኑ ሊሾ ነው። ገንዘብሽን ከታች አውዪው። ኪስሽ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ከሥር ያለውን ሥሪና ቪኒሉ ቆይቶ ይምጣ።

ለቤት የምመክረው እንዲህ ነው። ሊሾው ላይ ወፍራም ላስቲክ፣ እርጥበት እንዳይወጣ። ከዚያ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ከሥሩ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ፣ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ስፖንጅ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ተለጥፎበት። ለክፍልሽ ወደ 240 ቁራጭ ይሆናል፣ ቆርጦ የሚያግዝሽ ሰው ፈልጊ። የሶፋ ስፖንጅ እንዳትገዢ! በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው የሚታገልሽ፣ ስትለቂው ወዲያው የሚመለስ ይሁን። ላዩ ላይ ሁለተኛ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ የታችኛውን በአግድም አቋርጦ ይተኛል። የላዩና የታቹ መገጣጠሚያ በጭራሽ አንድ መስመር ላይ አይዋል። ሁለቱን በ20 ሚሊ ሜትር ቪስ እሰሪያቸው፣ አናቱ ጠልቆ ይግባ። ከዚያ የረዘመ ቪስ በታች ወጥቶ ስፖንጅሽን ይወጋል።

ከግድግዳው ዙሪያውን አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዪ። እንጨት ይነፋል። ክፍተቱን የሚሸፍነውን ዘኮሎ ግድግዳው ላይ ምቺው እንጂ ወለሉ ላይ አትምቺው፣ አለዚያ ወለልሽን ቸነከርሽው ማለት ነው።

ኮምፔንሳቶው 2.44 በ1.22 ከሆነ ለአንድ ንብርብር ስምንት፣ በድምሩ 16 ያስፈልግሻል። ወለሉ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል በርሽን ከታች ማስቆረጥ አለብሽ። ይህን ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፣ እኔም ጭምር።

ሲያልቅ ሞክሪው። አንዷ ትዝለል፣ አንዷ አጠገቧ ትቁም። የቆመችዋ ከተናወጠች ስፖንጁ ረግቧል። አውሮፓ ውስጥ ለቤት ውስጥ ስፖርት ወለል የሚሠራበት ኢኤን 14904 የሚባል ደረጃ፣ ወለሉ ከኮንክሪት አንጻር የማረፊያውን ምት ከ25 እስከ 75 በመቶ እንዲቀንስ ይጠይቃል። ከላይም ወሰን ያበጁለት ልስላሴው ሲበዛም ስለሚጎዳ ነው። አንቺ ስፖንጁ ላይ አይተሽዋል።

ከምንም በፊት ግን አንድ ሜትር ካሬ ላስቲክ ሊሾው ላይ አንጥፈሽ አራቱንም ጠርዝ በስኮች ለጥፊና አንድ ቀን ተዪው። ከሥሩ ጤዛ ካየሽ ሥራ እንዳትጀምሪ።

ባዶእግር፦
እግዜር ይስጥልኝ! ላስቲኩን ዛሬውኑ እለጥፋለሁ። አንዷ ልጅ ታፕ ትማራለች፣ ብረት ባለው ጫማ ቪኒሉ ላይ ትሠራ?

የመስታወት_ዳር፦
እኔ ልመልስ፣ ስቱዲዮ አለኝ። አትፍቀጂላት። ብረቱ ቪኒሉን ይቧጭረዋል፣ ድምፁም ይታፈናል። 1.2 ሜትር ካሬ የእንጨት ሰሌዳ ለብቻዋ አሠሪላት። ሹል ታኮም እንዲሁ አይገባም፣ የሚተወው ጉድጓድ አይመለስም።

ለክፍልሽ 2 ሜትር ስፋት ያለውን ጥቅል ውሰጂ። ሁለት ቁራጭ 4 ሜትር ነው፣ ስፌትሽ አንድ ብቻ ይሆናል። ዘርግተሽ አንድ ቀን ይተኛ፣ እስኪፍታታ። ስፌቱ ላይ የሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት ትተሽ በቪኒል ስኮች ለጥፊው። ጥብቅ አድርገሽ ካገናኘሽው ሙቀት ሲመጣ ያብጥና መሀል ላይ ጉብታ ይሠራል።

አጸዳዱ ቀላል ነው፣ ሰው ነው የሚያከብደው። በየቀኑ በደረቅ መወልወያ አቧራውን ሰብስቢ። በሳምንት አንዴ ለስላሳ ሳሙና ጠብ ባለበት ለብ ያለ ውኃ፣ መወልወያው በደንብ ተጨምቆ። ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ ብቻ ድገሚው፣ የሳሙና ቅሪት ራሱ ያንሸራትታል። በረኪና፣ ሰም፣ ዘይት ያለው ማንኛውም ነገር አይድረስበት። እኔ ዘንድ አንድ አጋዥ ሊያስደስተኝ ብሎ ማታ ወለሉን በቤት ዕቃ ማብረቅረቂያ ወለወለው። ጠዋት ስገባ ወለሉ መስታወት ሆኗል፣ ክፍሉ በሽቶ ታውዷል። ቀድማ የገባችው ተማሪ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ እግሮቿ ወዲያና ወዲህ ተንሸራተቱ። ያን ቀን ክፍል አልነበረም፣ አራት ጊዜ ስናጥብ ዋልን።

ሮዚንም (ዳንሰኞች እንዳያንሸራትታቸው ጫማቸው ላይ የሚያደርጉት የዛፍ ሙጫ ዱቄት) ቪኒል ላይ ከልክዪ። ይጣበቃል፣ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ በስተመጨረሻ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ጥቁር የጫማ ጭረት ግን አያሳስብሽ፣ በቴኒስ ኳስ ስትፈትጊው ይለቃል። ሌላው፣ በሩ ጋ ከሥሩ ጎማ ያለው ምንጣፍ አታኑሪ። የእኔ ቢጫ አራት ማዕዘን ትቶልኛል፣ እስከ ዛሬ አለ።

ባዶእግር፦
ላስቲኩን አነሳሁት። በመስኮቱ በኩል ያለው ግማሽ ከሥሩ ጠብታ ይዟል፣ በጣቴ ስነካው ይወርዳል። ሌላው ጎን ደረቅ ነው። በውጭ በኩል ልክ እዚያ ግድግዳ ላይ የጣሪያው አሸንዳ ይፈሳል።

አናጢው፦
መልሱን ራስሽ አገኘሽው። አሸንዳውን ከግድግዳው አርቀሽ አስወስጂ። ሊሾው በደንብ ይድረቅ፣ አየር አስገቢለት፣ ከዚያ ላስቲኩን ድገሚ። አሁን ብትሸፍኚው ኮምፔንሳቶው ከታች ይሻግታል፣ የምታውቂው ደግሞ ሲሸት ነው።

ባዶእግር፦
እሺ፣ ነገ አሸንዳ ሠሪ ይመጣል። እስከዚያ ልጆቹን ዝላይ የሌለው ነገር አሠራቸዋለሁ። ችግሩ ኮምፔንሳቶውን በጉጉት ገዝቼዋለሁ፣ 16ቱም ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

አናጢው፦
ቆመዋል?! አሁኑኑ አጋድሚያቸው፣ ይጎብጣሉ።